120 ሚሊሜትር የማይነግረን

የተራራ ብስክሌት ፍሬም ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከኋላ ስንት ነው?» ብሎ ነው። የሚጠይቀው የኋላው ጎማ ድንጋይ ሲመታው ወደ ላይ የሚነሣበትን ርቀት፣ የጎማውን ጉዞ ነው። ከ100 እስከ 120 ሚሊሜትር ያለው አጭር ይባላል፤ 130 እና 140 መካከለኛ ነው፤ 160 እና ከዚያ በላይ ለአስቸጋሪ ቁልቁለት የታሰበ ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ክፋቱ መልሱን ከልክ በላይ ማመን ላይ ነው። የስፔሻላይዝድ ኤፒክ 8 ከኋላ 120 ሚሊሜትር ነው፤ የሳንታ ክሩዝ ቶልቦይም 120 ነው። የሾካቸው መጠን ሳይቀር አንድ ነው፣ 190 በ45። ሁለቱን አከታትሎ የነዳ ሰው ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ለማለት ይቸገራል። የመጀመሪያው በዓለም ዋንጫ ውድድር ዳገት ላይ ሰከንድ ለመቆጠብ የተሠራ ቀላልና ቁጡ ማሽን ነው። ሁለተኛው ከፊት 130 ሚሊሜትር ፎርክ ይዞ፣ ክብደት ጨምሮ፣ ቁልቁለቱን ተረጋግቶ ለመውረድ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የፍሬሙን ዘር መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ከእሽቅድምድም ወገን ተወልዶ ሾኩ የረዘመለት ነው? ወይስ ከቁልቁለት ወገን መጥቶ ሾኩ ያጠረለት? ገበያው ላይ ያለው አጭር ፍሬም ሁሉ ማለት ይቻላል ከሁለቱ በአንዱ ይወድቃል። የሻጩ መግለጫ ይህን አይጽፍም፤ ፍሬሙ ላይ ግን ይነበባል።

ሁለቱ ወገኖች 120 ላይ የተገናኙት ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮክሾክስ አርኤስ-1 የተባለውን የፊት ፎርክ ያወጣው በ1989 ነው፤ በ1990 ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ኸርቦልድ የቁልቁለቱን ውድድር በዚሁ ፎርክ አሸነፈ። የፊቱ ነገር በዚያው ተቆረጠ። የኋላው ግን ብዙ ዓመት አወዛገበ። በ1990ዎቹ የነበሩት ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌቶች ከባድ ነበሩ፤ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ወደ ኋላ ቁጢጥ እያሉ የነጂውን ጉልበት ይበሉ ነበር። አገር አቋራጭ ተወዳዳሪዎችም ከኋላ ሾክ የሌለውን ብስክሌት የሙጥኝ አሉ። ስፔሻላይዝድ ኤፒክን የ2003 ሞዴል አድርጎ ሲያወጣ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ብሬይን የተባለ ቫልቭ ነበር። መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ሾኩን ይዘጋል፣ ከመሬት ምት ሲመጣ ይከፍታል። ስኮት ደግሞ መሪው ላይ በተገጠመ እጀታ ነጂው ራሱ ፎርኩንም ሾኩንም በአንድ ጊዜ እንዲቆልፍ አደረገ። ኒኖ ሹርተር በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው በስኮት ስፓርክ ነው፤ ቶም ፒድኮክም በ2021 የተካሄደውን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያሸነፈው ከኋላ ሾክ ባለው ብስክሌት ነው። ቀስ በቀስ የውድድር መንገዶቹ ራሳቸው ከበዱ፤ ቋጥኝ የተደረደረበት፣ የሚዘለል፣ ሥር የበዛበት ሆኑ። ለረጅም ዘመን የማይነካው 100 ሚሊሜትር ወደ 120 አደገ። ኤፒክ 8 በ2024 ሲወጣ ያ ዝነኛ ብሬይን አልነበረበትም።

ከሌላው አቅጣጫ የመጡት የውድድር ሰዓት ግድ አልሰጣቸውም። ኮና በ2014 ፕሮሰስ 111ን አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ኢቪል 120 ሚሊሜትሩን ፎሎዊንግ አስከተለ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፦ ትልቅ ጎማ፣ ጠንካራ ፍሬም፣ ለቁልቁለት የተጋደመ የፊት አንግል፣ አጭር ሾክ። በ2020 የመጣው ትራንዚሽን ስፐር ይህንኑ ሐሳብ በቀላል ክብደት አቀረበው፤ ከኋላም ከፊትም 120፣ የፊት አንግሉ 66 ዲግሪ። የብስክሌት ጋዜጠኛው ማይክ ሌቪ ለዚህ ዓይነቱ ብስክሌት «ዳውንካንትሪ» የሚል ስም ያወጣው ለቀልድ ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን ቀልዱን አምነው ካታሎጋቸው ላይ አተሙት።

ወደ ሾኩ አሠራር ስንመጣ፣ ገዢ በጣም የሚደነግጥበት ቦታ ይኼ ነው። ሆርስት ሊንክ፣ ዲደብሊው-ሊንክ፣ ቪፒፒ፣ ማይስትሮ እየተባለ የማጠፊያው ዓይነት ይዘረዘራል። ሆርስት ሊንክ የተሰየመው በካሊፎርኒያ ይሠራ በነበረው ኦስትሪያዊ ተወላጅ ሆርስት ላይትነር ነው፤ ስፔሻላይዝድ ፓተንቱን በ1998 ገዝቶ እስከ 2013 አሜሪካ ውስጥ ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት አገደ። ቀደም ባሉት ዓመታት የአሜሪካ ፋብሪካዎች አንድን ችግር በአሥር መንገድ ሲፈቱ ያየን እንደሆነ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ምሕንድስና ሳይሆን ጠበቃ ነበር። ዲደብሊው-ሊንክ የዴቭ ዌግል ሥራ ነው፤ ፒቮትና አይቢስ ይጠቀሙበታል። ቪፒፒን ያስታወቀው ሳንታ ክሩዝ ነው።

የሁሉም ዓላማ ተቀራራቢ ነው። ፔዳል ሲረገጥ ካቴናው የኋላውን ጎማ ወደ ፊት ይስባል፤ የማጠፊያዎቹ አቀማመጥ ያ ስበት ሾኩን እንዳያስቀምጠው፣ ያለልክም እንዳያደርቀው ሚዛን ይፈልጋል። በረጅም ሾክ ላይ ይህ ሚዛን ከባድ ነው፤ ጎማው ብዙ ስለሚጓዝ ካቴናው አብሮ ይለጠጣል፣ ፔዳሉም እግርን መልሶ ይመታል። በአጭር ሾክ ላይ ግን ጎማው የሚጓዘው ጥቂት ስለሆነ የመጥፎው አሠራር መጥፎነትም፣ የጥሩው ጥሩነትም ይጠባል። 160 ሚሊሜትር ፍሬም ስገዛ ስለ ማጠፊያው ዓይነት አጥብቄ እጠይቅ ይሆናል፤ 110 ስገዛ ግን በስሙ ምክንያት አንዱን ጥዬ ሌላውን አላነሣም።

ይልቅ አጭር ፍሬም ብቻውን ያፈራው አንድ ዘዴ አለ፣ ማጠፊያን ማስቀረት። ከኋላው ጎማ አጠገብ የነበረው ማጠፊያ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲገባ የሚዞረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ያን ያህሉን ቀጭን የካርቦን ዘንግ እየተለመጠ ሊሸከመው ይችላል። ኩሽኔታው፣ ብሎኑ፣ መያዣው ሁሉ ይቀራል፤ ክብደትም አብሮ ይቀንሳል። ካኖንዴል በስካልፔል ገና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሞክሮ ነበር፤ ዛሬ የአገር አቋራጭ ፍሬሞች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ስሙን በቪፒፒ ያስጠራው ሳንታ ክሩዝ ሳይቀር በ2021 አዲሱን ብለር ሲያወጣ ባለ ሁለት ማገናኛውን ቪፒፒ ትቶ ወደሚለመጠው ዘንግ ዞሯል። ከሁሉ የገፋበት ትሬክ ነው፤ በ2019 የወጣው ሱፐርካሊበር ሾኩ የፍሬሙ አካል ሆኖ ከላይኛው ቱቦ ሥር የተቀበረ ሲሆን ጉዞው 60 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። በ2023 ወደ 80 ከፍ አደረጉት። ጥንካሬው የሚያሳስበው ሰው ይኖራል፤ ካርቦን በታሰበለት ልክ ሲለመጥ እንደ ብረት ሽቦ ቶሎ አይደክምም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሚለመጠው ዘንግ ራሱ እንደ ተጨማሪ ሞላ ስለሚሠራ፣ ፍሬሙ ያለ ሾክ በእጅ ሲንቀሳቀስ ራሱ ወደ አንድ ቦታ መመለስ ይፈልጋል። ቀላል ክብደት ያለው ሰው፣ በተለይ 50 ኪሎ አካባቢ የሆነች ሴት ነጂ፣ ይህን መግፋት ይሰማታል። ፍሬን ሲያዝም ጠባዩ እንደ ባለ አንድ ማጠፊያ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬን ጠበቅ ሲደረግ ትንሽ ይደርቃል። ለውድድር ሰው ይህ ኢምንት ነው። ፍሬን ይዞ መውረድ ለሚወድ ሰው ግን ማጠፊያው ያልተወገደለት ፍሬም ይስማማዋል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። 120 ሚሊሜትር የጎማ ጉዞን በ45 ሚሊሜትር የሾክ ምት ስናካፍለው 2.67 ይመጣል። ጎማው 2.67 ሚሊሜትር ሲነሣ ሾኩ 1 ሚሊሜትር ይገባል ማለት ነው፤ በጎማው ላይ የመጣው ኃይልም ሾኩ ላይ 2.67 እጥፍ ሆኖ ያርፋል። ያው 120 ሚሊሜትር በ50 ሚሊሜትር ምት ቢሠራ ንጽጽሩ 2.4 ይሆናል፤ ለአንድ ዓይነት ሰው የሚሞላው አየር በአሥር ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ለ65 ኪሎ ሰው ልዩነቱ ቁም ነገር አይደለም። ለ105 ኪሎ ሰው ግን ነው፤ ምክንያቱም የአየር ሾክ ጣሪያ አለው፣ ብዙዎቹም 350 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ላይ ያቆማሉ። ወደ ጣሪያው በተጠጋ ግፊት የሚሠራ ሾክ ጎሚኒዎቹ ይጨነቃሉ፤ ነጂው ሲቀመጥ ለማርገብ፣ ሲመለስ ለመቆጣጠር የቀረው የማስተካከያ ቦታም ይጠባል። ስለዚህ ከባድ ሰው ፍሬም ሲመርጥ የጎማውን ጉዞ ብቻ ሳይሆን የሾኩን ምትም ይጠይቅ፤ ምቱ የረዘመው ይሻለዋል።

ሌላው ሒሳብ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። በሾክ ላይ ሲቀመጡ በክብደት የሚሰጥም ድርሻ አለ። አጭር ፍሬም ላይ ብዙ ጊዜ 25 ከመቶ ይመከራል፤ በ45 ሚሊሜትር ምት ይህ 11 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የሾኩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽ ኦሪንግ እዚያ ስትቆም ልኩ ነው ይባላል። በጎማው ሲታሰብ 30 ሚሊሜትር ሰጥሞ 90 ይቀራል። 140 ሚሊሜትር ፍሬም ላይ ደግሞ 30 ከመቶ የተለመደ ነው፤ 42 ይሰጥምና 98 ይቀራል። ድንጋይ ሲመጣ ሊውጠው የቀረው ጉዞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። የሚለያያቸው ጎማው ከሰጠመበት ወደ ታች የሚከተለው ርቀት ነው፤ ረጅሙ ጉድጓድ ውስጥ መሬት ለቅቆ ሳይነጠል ይከተላል፣ አጭሩ ቶሎ ይነጠላል። ቁልቁለት ላይ አጭር ፍሬም እየነጠረ የሚዘል የሚመስለው በዚህ ነው እንጂ ሾኩ ቶሎ መጨረሻው ላይ ስለሚደርስ ብቻ አይደለም። የሚደርስበትም ጊዜ ግን አለ፤ ስለዚህ ወደ መጨረሻው እየከበደ የሚሄድ ፍሬም፣ ወይም ሾኩ ውስጥ የአየሩን ቦታ የሚያጠብ የፕላስቲክ ቁራጭ ለመጨመር የሚፈቅድ፣ ለሚዘል ሰው ይሻላል።

ቅርጽ፣ ማለትም የቱቦዎቹ ርዝመትና አንግል፣ ከሾኩ ይልቅ የብስክሌቱን ጠባይ ይወስናል ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ1990ዎቹ አገር አቋራጭ ብስክሌት የፊት አንግሉ 71 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ መሪውም በረጅም አንገት ወደ ፊት ተገፍቶ ነጂው ጎማው ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ 66 እና 67 የተለመደ ነው። አንግሉ ሲጋደም የፊቱ ጎማ ከነጂው ቀደም ብሎ መሬት ይይዛል፤ ገደል ሲመጣ ሰውዬው መሪውን አልፎ የመገልበጡ ዕድል ይቀንሳል። ዋጋው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በዝግታ ሲወጣ የፊቱ ጎማ መዋለሉ ነው። ለዚህ የኮርቻውን ቱቦ ወደ 75 እና 76 ዲግሪ አቀኑት፤ ነጂው ወደ ፊት ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ፊቱ ይከብዳል። ይህ የኮርቻ አንግል ግን ካታሎጉ ላይ እንዳለ አይወሰድም። የሚለካው በሆነ ከፍታ ላይ ነው፣ ቱቦው ራሱ ደግሞ ከዚያ በላይ ጋደል ይላል። እግረ ረጅም ሰው ኮርቻውን ከፍ ባደረገ ቁጥር 76 የተባለው 74 ሆኖ ይጠብቀዋል።

የፔዳል ዘንጉ ከመሬት ያለው ከፍታ አጭር ፍሬም ላይ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሾኩ የሚሰጥመው ትንሽ ነውና። ይህ ኩርባ ላይ ያረጋጋል፣ ድንጋያማ ቦታ ግን ፔዳሉን ያጋጫል። ከፊት ፎርኩን 10 ሚሊሜትር ማስረዘም የፊቱን አንግል በግማሽ ዲግሪ ያህል ያጋድማል፣ ፔዳሉንም ትንሽ ያነሣል። ብዙ አጭር ፍሬሞች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ማስረዘም ግን ዋስትናን ማጣት ነው፣ የመሪው ቱቦ ላይ የሚያርፈውም ጉልበት ይጨምራል።

ይህ ሁሉ መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንባቢ በቅርብ ሁለት ተቃራኒ ቦታ አለው። ጀርመንታውን አጠገብ ያለው ሼፈር ፋርምስ ለስላሳ፣ ጠመዝማዛ፣ ወጣ ገባ የበዛበት የጫካ መንገድ ነው፤ እዚያ የእሽቅድምድም ወገን የሆነ 100 ወይም 120 ሚሊሜትር ፍሬም ሌላውን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል፣ ከኋላ ሾክ የሌለውም ቢሆን አያፍርም። ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥተው ፍሬደሪክ ዋተርሼድ ሲደርሱ መሬቱ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ አንዱን አልፌያለሁ ሲሉ ሦስት ይጠብቃሉ። እዚያ 120 ከኋላ 130 ከፊት ያለው፣ ከቁልቁለት ወገን የመጣ ፍሬም ያስፈልጋል፤ ሰፊ ጎማ የሚያስገባና ፔዳሉ ከመሬት ራቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የሚካሄደው ኬፕ ኤፒክ ደግሞ ሌላ መመዘኛ ያመጣል፦ ስምንት ቀን፣ ሁለት ሰው በአንድ ቡድን፣ አቧራና ሙቀት። እዚያ የሁለት ውኃ ጠርሙስ ቦታ ከአንድ ዲግሪ አንግል ይበልጣል። ሾኩ የላይኛው ቱቦ ሥር በመተኛቱ ሁለተኛው ጠርሙስ የሚገባበት ፍሬም ሳይ የነደፈው ሰው ተጠምቶ ያውቃል እላለሁ።

ፍሬም ለብቻው የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ አለው፤ ከአሮጌው ብስክሌት የወረደ ፎርክ፣ ቸርኬ፣ ማርሽ። ስለዚህ መገጣጠሙ ላይ ያለው ጣጣ ከምሕንድስናው ይብሳል። የኋላው ማዕከል ስፋት ከ2015 ወዲህ በአብዛኛው 148 ሚሊሜትር ሆኗል። ፒቮት ግን በ120 ሚሊሜትሩ ትሬይል 429 ላይ 157 ተጠቅሟል፤ ጎማው ይጠነክራል፣ አሮጌው ቸርኬ ግን አይገባም። ማርሽ ሠሪው ስራም በ2019 ለፍሬም ሠሪዎች ሁሉ በነፃ የሰጠው አንድ ወጥ የማርሽ መቀየሪያ ማንጠልጠያ አለ፤ በ2023 የወጣው ትራንስሚሽን የተባለው ማርሹ ማንጠልጠያውን አስቀርቶ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ ይታሰራል፣ ያም የሚሆነው ለዚህ ማንጠልጠያ በተሠራ ፍሬም ላይ ብቻ ነው። ያ ማርሽ ባይፈለግም እንኳ ማንጠልጠያው ተሰብሮ ምትኩ በቀላሉ ሲገኝ ጥቅሙ ይታያል። የፔዳሉ ዘንግ ቤት በጥርስ የሚጠብቅ ከሆነ ቤት ውስጥ ሊፈታ ይችላል፤ ተጨፍልቆ የሚገባው ዓይነት ሲያረጅ ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፣ መግቢያው ትንሽ ከተዛባም በቀላሉ አይድንም። ስፔሻላይዝድ ተጨፍልቆ በሚገባው ሲሄድ ኖሮ ወደ ጥርሱ ተመልሷል፤ ሳንታ ክሩዝም በጥርሱ ይሠራል። የፍሬንና የማርሽ ገመድን በመሪው ኩሽኔታ ውስጥ የሚያስገቡ ፍሬሞችን፣ ለምሳሌ የ2021ዱን ስፓርክ፣ ውበታቸውን እያደነቅሁ አልፋቸዋለሁ። አንዲት የላይኛ ኩሽኔታ ለመለወጥ የፍሬን ዘይት ቧንቧ መፍታት ካስፈለገ ውበቱ የተገዛው በመካኒኩ ሰዓት ነው። የዚሁ ስፓርክ ሾክ ፍሬሙ ውስጥ ተደብቋል፤ ከጭቃ ይጠበቃል፣ ነገር ግን ያቺን ኦሪንግ ለማየት ክዳን መክፈት ያስፈልጋል።

ስለ ቁሱ ብዙ መባል የለበትም። የላቁት የካርቦን ውድድር ፍሬሞች ከነሾካቸው ከ2 ኪሎ በታች ይመዝናሉ፤ አሉሚኒየሙ ወደ 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ይጠጋል። የእንግሊዙ ኮቲክ ፍሌርማክስን ከሬይኖልድስ 853 ብረት ይሠራል፤ ይከብዳል፣ ወዳጆቹ ግን አይለውጡትም። ለመወዳደር ካልሆነ አንድ ኪሎውን ከጎማና ከቸርኬ መቀነስ ከፍሬም ከመቀነስ ይረክሳል።

አሮጌ ፍሬም የሚገዛ ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም። ሾኩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትቶ ሾኩን ማውጣት። ከዚያ የኋላውን ሦስት ማዕዘን በእጅ ይዞ ከታች እስከ ላይ ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ነው። ጤነኛ ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል፤ ያረጀው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንከረከራል፣ አንዳንዴም አንድ ቦታ ይያዛል። ቀጥሎ ጎማውን ጨብጦ ወደ ግራና ቀኝ መነቅነቅ፤ ሌላው እጅ ማጠፊያው ላይ ይሁን፣ ጣት ልቅነቱን ከዓይን ቀድሞ ይሰማዋልና። ከታችኛው ቱቦ ሆድ ላይ የድንጋይ ምት፣ ከፊት ጥርሱ ኋላ ደግሞ ካቴናው ሲወድቅ የቧጨረውን ጠባሳ ፈልጉ። ካርቦን ከሆነ ምት ያለበትን ቦታና አጠገቡን በሳንቲም ጫፍ ኳ ኳ ማድረግ ነው፤ ድምፁ ደንዝዞ ከተለወጠ ውስጡ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም ከሆነ የቱቦዎቹ መገናኛ ብየዳ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሥመር ካለ ቀለም ነው ብሎ መሸንገል አይገባም።

ኩሽኔታው አርጅቶ መገኘቱ ግዢውን ማፍረስ የለበትም፣ ዋጋውን እንጂ። ጠርዙ ላይ 6902 ተጽፎበት ከሆነ ውስጡ 15፣ ውጭው 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለሌላ ማሽንም የሚያገለግል የኢንዱስትሪ መጠን ነው። ፍሬሙን ይዞ አገር ቤት ለመግባት፣ እንጦጦ ላይ ለመንዳት ያሰበ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ኩሽኔታ በቁጥሩ ይፈለጋል፣ የሾኩ ጎሚኒ ግን በሾኩ ሞዴል ብቻ ነው። ሮክሾክስ ለኋላ ሾኮቹ በየ50 ሰዓቱ የአየር ክፍሉን፣ በየ200 ሰዓቱ ደግሞ ሙሉውን እንዲታደስ ይመክራል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ በትንሽ ጥቅል ጎሚኒና ዘይት ይሠራል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን መሙያና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ አብሮ መግባት ያለበት ሁለት ሦስት ጥቅል ጎሚኒ ነው፤ ፍሬሙም መደበኛ መጠን ያለው ሾክ የሚቀበል ይሁን። እንደ ሱፐርካሊበር ሾኩ ከፍሬሙ ጋር የተዋሐደ ከሆነ ሌላ ሾክ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከስመ ጥር ፋብሪካ የወጣ የካርቦን ፍሬም ከነሾኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዶላር ይበልጣል። በዚያው ገንዘብ ትንሽ ተጨምሮ የተገጣጠመ ሙሉ ብስክሌት ይገኛል፤ ፋብሪካው ፎርኩንና ማርሹን በጅምላ ስለሚገዛ በችርቻሮ ገዝቶ የሚገጣጥም ሰው አይወዳደረውም። ፍሬም ብቻውን መግዛት የሚያዋጣው ጥሩ ዕቃ ላለው፣ ወይም የሚፈልገው አገጣጠም በፋብሪካ ለማይገኝለት ነው። የዋስትናውንም ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጡት ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው። ሳንታ ክሩዝ ለመጀመሪያው ባለቤት የማጠፊያ ኩሽኔታዎችን ሳይቀር በነፃ ይተካል፤ ሁለተኛው ገዢ ከዚህ ጥቅም ውጪ ነው፣ ስለዚህ አሮጌው ሲሸጥ ይህ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

ወገን ለይቼ ብናገር፣ 80 ኪሎ አካባቢ ለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚነዳ፣ የለስላሳውንም የድንጋዩንም መንገድ ለሚቀላቅል ሰው የምመርጠው 120 ከኋላ፣ 130 ከፊት፣ 66 ዲግሪ ገደማ፣ የፔዳል ዘንግ ቤቱ ባለ ጥርስ፣ አንድ ወጥ ማንጠልጠያ ያለው የአሉሚኒየም ፍሬም ነው፤ ከዋጋው የተረፈውን ለጥሩ ጎማና ለጥሩ ፎርክ ያውለው። የሚወዳደር ሰው ይህን ምክር ይዝለለው፤ የሚለመጠው ዘንግ፣ ቀላሉ ካርቦንና መሪው ላይ ያለው መቆለፊያ ለእሱ የተሠሩ ናቸው። 120ውን ይዞ ገና ከሱቁ ሳይወጣ 140 ፎርክ ልግጠምበት፣ ከባድ ጎማ ላድርግለት፣ ሾኩን በረጅም ምት ልለውጥ የሚል ካለ ግን ፍሬሙን መልሶ 140 የሆነውን ይውሰድ።